የግል ኮምፒውተር ሲገዙ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

በደባርቅ፣ በዳባትና በአምቢኮ አካባቢ የሚኖሩ ተገልጋዮች ኮምፒውተር ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን እንዲያጤኑ ይመከራል።

ኃይል፦ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ይመረጣል፤ ለዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው የባትሪውን ቆይታ ይፈትሹ።

ከፍታ፦ ብዙዎቹ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስኮች የሚመረቱት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3048 ሜትር እንዲሠሩ ነው። አምቢኮ ወደ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ኤስኤስዲ ያለው ኮምፒውተር ተስማሚ ነው።

ሶፍትዌር፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ።

ደረሰኝ፦ ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከመደብሩ አይውጡ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት፣ በተገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይችላሉ።