ያቺ 18

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ 36 ግራም ውሃ ስንት ሞል እንደሆነ ለማወቅ ለ18 አካፍል ተባልኩ። መልሱ 2። «18ቷ ከየት መጣች?» ብል መምህሬ «ሠንጠረዡ ላይ ያሉትን ደምር» ብለውኝ አለፉ። ሸመደድኩ።

ለካ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያጨቃጨቀች ቁጥር ናት! ዳልተን ውሃን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው ብሎ ገመተ። በዚህ ከሄድን ኦክስጅን 8፣ ውሃ 9 ይሆናል፤ የኔም 36 ግራም 4 ሞል ሊወጣው ነው። ሚዛኑ ምንም አላጠፋም፤ ችግሩ አቶሞቹ ስንት ናቸው የሚለው ላይ ነበር።

ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ እንደሚሆን ግን በሙከራ ታውቆ ነበር። አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811፣ ሙቀትና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ሞለኪውል አላቸው አለ። እንዲህ ከሆነ ውሃ ሁለት ሃይድሮጅን አለው፤ ኦክስጅንም 16 ነው። ብዙ ሰሚ ሳያገኝ በ1856 ሞተ።

በ1860 ኬሚስቶች ጀርመን፣ ካርልስሩኸ ላይ ተሰበሰቡ። ጣሊያናዊው ካኒዛሮ ለሟቹ ተሟገተለት። ጉባኤው ሳይስማማ ተበተነ፤ የካኒዛሮ ትንሽ መጽሐፍ ግን ለታዳሚው ታድላ ነበር። ከታዳሚዎቹ አንዱ ሜንዴሌቭ ነው። በ1869 ባወጣው ሠንጠረዥ ላይ ኦክስጅን 16 ተብሎ ተጽፏል።

መምህሬ በጠመኔ የጠቆሙኝ የዚያን ሠንጠረዥ ልጅ ነበር።