ከማትሪክ እስከ አንደኛ ዓመት፦ የኮሌጅ ዝግጅት ታሪክ ከካዛንቺስ ሲታይ

አንድ ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ጨርሶ የከፍተኛ ትምህርት ተቋምን ደጃፍ እስኪረግጥ ድረስ ያሉት ወራት በሥርዐተ ትምህርት ሰነዶቻችን ውስጥ ስም የላቸውም። ክረምት ተብለው ይታለፋሉ። ይሁን እንጂ ይህን ክፍተት ማን ይሙላ የሚለው ጥያቄ፣ በአገራችን ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት ከተጀመረበት ከ1943 ዓ.ም. አንሥቶ ደጋግሞ መልስ ተሰጥቶታል፤ መልሱም ደጋግሞ ተለውጧል። ኃላፊነቱ አንድ ጊዜ ለኮሌጁ፣ ሌላ ጊዜ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ በተግባር የተተወው ለተማሪውና ለጎረቤቶቹ ነው።

ይህ ጽሑፍ ታሪኩን ከአንድ ሰፈር ላይ ሆኖ ይመለከታል፤ ይኸውም ካዛንቺስና በዙሪያው ያለው የቂርቆስ አካባቢ ነው። የካዛንቺስ ስም ራሱ የቢሮ ሠራተኛን ታሪክ የያዘ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ድርጅት «ኢንቺስ» በሚል አጭር ስም ይጠራ ስለነበረ፣ የድርጅቱ ቤቶች የተሠሩበት ቦታ «የኢንቺስ ቤቶች» ተባለ፤ የከተማው ሕዝብም የጣልያንኛውን አጠራር አዋሕዶ ካዛንቺስ አለው። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ጽሕፈት ቤትና የጭቃ ቤቶች በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ቆሙ። እዚያ ያደገ ልጅ ከኮሚሽኑ የሚወጡትን ባለ ክራባት ሰዎች በየዕለቱ ያያል፤ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል እንደሚያልፍም ያውቃል። የማያውቀው መንገዱ እንዴት እንደሚሄድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ በ33 ተማሪዎች ሥራውን ሲጀምር መሪው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ወደ ኮሌጁ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች መካከል ብዙዎቹ በኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በጄኔራል ዊንጌትና በተፈሪ መኮንን የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ዘመን ሲጻፍ የተማሪዎቹ ብርታት ብዙ ጊዜ ይወሳል፤ መወሳቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። እነዚያ ወጣቶች ከፊሎቹ በአዳሪነት የኖሩ፣ ከውጭ አገር መምህራን ጋር በእንግሊዝኛ እየተነጋገሩ ያደጉ፣ በቤተ መጻሕፍት ለብቻ ተቀምጦ ማጥናትን የለመዱ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ መሻገራቸው ከአንድ መኝታ ቤት ወደ ሌላ መኝታ ቤት እንደመዛወር ያለ ነበር። ዝግጅት የሚባለውን ነገር ለይቶ የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም፤ የሚኖሩበት ሥርዐት ራሱ ዝግጅት ነበርና።

ፈተናውን በሚመለከት አገሪቱ በመጀመሪያ የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ስትጠቀም ቆይታ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተናን አቋቋመች። ሕዝቡ እስከ መጨረሻው «ማትሪክ» እያለ መጥራቱ ከለንደኑ ፈተና የቀረ ትዝታ ነው። ነገሩን በጥሞና ለሚመለከት ሰው፣ ለዛሬው ችግራችን ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእንግሊዞች ሥርዐት ከመጀመሪያው ደረጃ ፈተና በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ ሁለት ተጨማሪ ዓመታት አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን የሚቀበለው እነዚያን ጨርሶ ሲመጣ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሥርዐት ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ አንደኛው ዓመት ጠቅላላ ትምህርት የሚሰጥበት የመላመጃ ጊዜ ነው። እኛ በሩን ከለንደን፣ ቤቱን ከሰሜን አሜሪካ ወሰድን። በሩ ከቤቱ ጋር እንዲገጥም የሚያደርገውን መቃን ግን ማንም አልሠራውም።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ሲመረቅ የተማሪው ምንጭ መስፋት ጀምሮ ነበር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በክፍላተ ሀገር ትምህርት ቤቶች ጭምር ተሠማሩ። በአሥር ዓመቱ አጋማሽ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ልጁ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ መከታተል የሚጀምረው ከ7ኛ ክፍል ሆነ። ትምህርትን በሚያውቁት ቋንቋ መጀመር ትክክለኛ ውሳኔ እንደነበረ አምናለሁ፤ ይሁንና በ7ኛ ክፍል የሚደረገውን ሽግግር ለማገዝ የተዘጋጀው ነገር እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ያልተከፈለው ዕዳ እየተንከባለለ የሚደርሰው አንደኛ ዓመት ላይ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ችግሩን አላጣውም። የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የተባለው ተቋም ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን እየሰበሰበ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ያስተምር ነበር። ይህ እስካሁን ከሞከርናቸው ድልድዮች ሁሉ የተሻለውና ከሁሉም የጠበበው ነው። ከገጠር የመጣ ጎበዝ ልጅ የዩኒቨርሲቲን አኗኗር ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ዓመት ሙሉ እንዲያውቀው አድርጓል። ነገር ግን የሚያሻግረው ከመጀመሪያውም ሊሻገሩ የሚችሉትን ነበር። ቤቱ እያደረ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት የሚማረው መካከለኛ ተማሪ፣ የቂርቆስም ሆነ የጎንደር ልጅ፣ ከዚህ አልደረሰውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ እናልፈዋለን። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ መምህራንና ከሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲሠማሩ፣ በትምህርት ቤትና በኮሌጅ መካከል የነበረው ትውልድ ክረምቱን ሳይሆን ዓመታትን በሌላ ዓይነት ትምህርት አሳለፈ። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ጊዜም ስለ ጥናት ዝግጅት የሚያነሣ አልነበረም። በ1970ዎቹ የተማሪው ቁጥር ከመማሪያ ክፍሉ እየበለጠ ሲሄድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ መሥራታቸው ተለመደ። መምህሩ ሰባና ከዚያ በላይ ተማሪ ላለበት ክፍል መጽሐፍ ማዳረስ ስላልቻለ፣ ማስታወሻውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪውም ይገለብጣል። በፈተና ወቅት የሚጠናው ይኸው ነው። ይህ ልማድ ከእጥረት የተወለደ ነው፤ እጥረቱ በቀነሰባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ልማዱ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ የራሴን ባወጋ አንባቢ ይቅር ይለኛል። ማትሪክ የወሰድሁት በ1990 ዓ.ም. ነበር። ለመግቢያ የሚያበቃው ዝቅተኛ ነጥብ 2 ቢሆንም፣ ያለው ቦታ ጥቂት ስለነበረ እርሱን ያገኘ ሁሉ አይገባም ነበር። የእኔ ስም በግድግዳ ከተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ በተገኘ ጊዜ እናቴ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ ገዛችልኝ፤ በሶ አስፈጨችልኝ። የቤተሰቤ ዝግጅት ይህ ነበር፤ ከዚህ የበለጠም ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ሌላውን ዝግጅት የሰጡኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው በ1970ዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በአንደኛው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ በነጥብ ማነስ የተሰናበቱ፣ ከዚያም በኋላ በጸሐፊነት የኖሩ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ስለ ስንብታቸው በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ አያወራም። አንድ የክረምት ምሽት ጠርተውኝ፣ «እኔን የጣለኝ ትምህርቱ ከብዶኝ አይደለም፤ መምህሩ ማስታወሻ እስኪያስጽፈኝ ስጠብቅ ነው ጥር የደረሰው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ በየምሽቱ የሬዲዮውን የእንግሊዝኛ ዜና አብረን እንሰማ ነበር። ዜናው ሲነበብ መጻፍ ክልክል ነው፤ ሲያልቅ በአምስት መስመር የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ይጽፋሉ። ከዚያ እናስተያያለን። በመጀመሪያው ሳምንት የእኔ አምስት መስመር የአገሮች ስም ብቻ ነበር።

ወደ ገባሁበት ተቋም ስደርስ ነገሩ እንዳሉት ሆነ። መምህሩ እየተናገረ ይሄዳል፤ ሰሌዳው ላይ የሚያሰፍረው ሦስት አራት ቃል ነው። ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ፣ በማትሪክ ከእኔ በላይ ያመጣ የአንድ ገጠር ከተማ ልጅ፣ እስክርቢቶውን ይዞ ይጠብቅ ነበር። በየካቲት አልተመለሰም። እርሱ በተወለደበት ከተማ፣ ከኮሌጅ ተሰናብቶ የመጣና ያንን ሊነግረው የሚችል ጎረቤት አልነበረው ይሆናል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የበሩንና የቤቱን አለመግጠም በሌላ መንገድ ለማስተካከል ሞከረ። 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሆኑ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ማትሪክ ቀርቶ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተተኩ፤ የአንደኛ ዓመት ጠቅላላ ትምህርት ወደ መሰናዶ እንደወረደ ስለታሰበ የብዙ የዲግሪ መርሐ ግብሮች ዕድሜ ከ4 ዓመት ወደ 3 ዓመት አጠረ። በመርሕ ደረጃ ይህ ወደ እንግሊዞቹ ሥርዐት መጠጋት ነው፤ በሩ ለንደን ከሆነ ቤቱም ወደ ለንደን ይምጣ እንደማለት ነው። ችግሩ ወደ ታች የወረደው ይዘቱ ብቻ መሆኑ ነው። ምዕራፎቹ ወረዱ፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ከመምህር ጋር በትንሽ ቡድን መወያየቱ አልወረዱም። ያው መምህር በዚያው ሰሌዳ ላይ ከበድ ያለ ማስታወሻ ይጽፍ ጀመር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ «ፕላዝማ» የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየክፍሉ ሲተከል ከመምህራን ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ወቀሳውን እጋራለሁ፤ ተማሪው ጥያቄ ሲኖረው ማያ ገጹ አይቆምለትም። ቢሆንም አንድ ነገር ልመስክርለት። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚጠብቀውን የንግግር ፍጥነት ለመሰናዶ ተማሪ ያሰማ መሣሪያ እርሱ ነበር። መምህሩ ከማያ ገጹ በኋላ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶት ተማሪዎቹን «ምን ሰማችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ቢሠለጥን ኖሮ፣ ነገሩ ከጎረቤቴ ሬዲዮ ብዙም ባልራቀ ነበር።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ቁጥር ከ40 በላይ ሲደርስ የዝግጅት ትርጉም ራሱ ተለወጠ። የካዛንቺስ ልጅ ጅግጅጋ ወይም ሰመራ ሊመደብ ይችላል፤ ብርድ ልብስ የሚያዘጋጅለት ቤተሰብ አሁን ብርድ ልብስ ያስፈልግ እንደሆነ እንኳ በስልክ መጠየቅ አለበት። የአሥራ ሦስት ዓመቱን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ተከትሎ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመለሰ፤ ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክሂል፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ የመሳሰሉት የሚሰጡበት ዓመት ነው። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድልድዩ ወደ ታች ወርዶ ወደ ላይ ተመልሷል ማለት ነው። መመለሱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ወደ ላይ ሲመለስ፣ ከታች የነበረውን ኃላፊነት 12ኛ ክፍል ከእንግዲህ ከትከሻው ያወረደ እንዳይመስለው እሰጋለሁ።

የስጋቱ ምክንያት በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቶ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲዎቹ ባዶ እንዳይቀሩ፣ ሪሚዲያል በሚል የሚታወቀው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተቋቋመ። እንግዲህ ዛሬ ከአንደኛ ዓመት በፊት ሌላ ዓመት፣ ከድልድዩ በፊት ሌላ ድልድይ ቆሟል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውሯል። የተዛወሩት ቤተሰቦች ከሄዱባቸው ሰፈሮች ትምህርት ቤት እንዲያገኙ ማድረግ የዕቅድ ሥራ ነው። ተማሪውን የሚያዘጋጀው ጎረቤት ግን በዕቅድ ሠንጠረዥ ውስጥ ዓምድ ስለሌለው፣ የት እንደደረሰ የሚመዘግብ የለም። እኔም የእኚያን ሰው የዛሬ አድራሻ አላውቅም።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ዕጩ መምህራኖቻችንን ለመገምገም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የ12ኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ዕጩ መምህርቷን አስቀድሜ እንደጠየቅኋት፣ የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳትጽፍ ስለ አፈር መሸርሸር በእንግሊዝኛ ተናገረች። ድምፅዋ የጠራ፣ አነጋገርዋም የረጋ ነበር። ስትጨርስ፣ «የሰማችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ» አለቻቸው። ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አነሣች።

«ቲቸር፣ ኖቱን መቼ ነው የሚሰጡን?»