ስለ ኢንተርኔት ልማድና ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ ሁሉ አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው ሲኰንነው መኖሩ የታወቀ ነው። ኢንተርኔትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ብዙ ወላጆችና መምህራን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንቅልፉን አጥቶ፥ ትምህርቱን ትቶ፥ ከስልኩ ጋር ሲያድር ባዩ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ ይጥሉታል። ፍርዱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ግን ነገሩ የመጣበትን መንገድ መመልከት ይገባል።

ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ከመሥሪያ ቤቶች ብዙ አልራቀም፤ ቀጥሎም በየከተማው ኢንተርኔት ቤቶች ተከፈቱ። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው በደቂቃ እየከፈለ ይሠራ ነበር፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ይነሣል፤ ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ልኩን የሚወስንለት ሌላ ነበር። የእጅ ስልክ ኢንተርኔትን ከኪሱ ባስገባለት ጊዜ ግን የሚዘጋ በር፥ የሚያስነሣም ባለቤት አልቀረም።

በአገው ምድር ከምትገኘው ከግምጃ ቤት ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ወጣት ይህን ነጻነት ከብቸኝነት ጋር ይቀበለዋል። በቤቱ ሳለ ማታ የሚያጫውተው፥ ጧት ለሥራ የሚቀሰቅሰው ቤተ ሰብ ነበረው። በማደሪያው ግን ናፍቆቱንና የፈተናውን ጭንቀት የሚያዋየው ሰው ሲያጣ ወደ ስልኩ ይዞራል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ወዲህም ከሌላው ክፍለ አገር የመጣው ወጣት ይህንኑ ናፍቆት ይዞ ወደ አዊ ይመጣል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ኪምበርሊ ያንግ በ1996 እ.ኤ.አ. ይህን ልማድ እንደ ሱስ አድርጋ ገለጸችው፤ በኋላም የ20 ጥያቄዎች መመዘኛ አወጣች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታን ሱስ መዘገበ እንጂ የኢንተርኔትን ልማድ በጠቅላላው በሽታ አላለውም። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ ከተጠየቁት ኢንተርኔት ተጠቃሚ ተማሪዎች ከመቶ 85ቱ የሱስ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ይህም የአእምሮ ጭንቀት ባለባቸው ላይ በርትቶ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ጥያቄ፥ ጭንቀቱ ሱሱን ወይስ ሱሱ ጭንቀቱን እንዳመጣ ለይቶ ሊነግረን አይችልም።

ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም። መምህሩ ስልኩን ብቻ ቢነጥቅ ጭንቀቱ በውስጥ ይቀራል፤ ጭንቀቱን ብቻ ቢያዳምጥ የሌሊቱ ልማድ ይቀጥላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በሚከበርበት አገር፥ ፈረስ ብርቱ ነው ተብሎ አይጣልም፤ ልጓም ይበጅለታል፥ ጋላቢውም ይሠለጥናል እንጂ። እንግዲህ ቀድሞ በሩን የሚዘጋለት ሌላ ስለ ነበረ፥ ዛሬ ተማሪው ራሱ የሚዘጋበትን ሰዓት ይወስን። መምህሩም ከመኰነኑ አስቀድሞ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ይጠይቀው፤ ጭንቀቱ የበረታበትንም ወደ ሐኪም ይምራው።