በግብፅ አገር ሴቶች ወደ መንግሥት ሥራና ወደ ዳኝነት ወንበር የደረሱበት መንገድ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በአገራችን ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓባይን ውሃ አብራን በምትጠጣው በግብፅም ብዙ ዘመን ሠርቶበታል። ብዙ ሰዎች በእስላም አገር ሴቶች ከሹመት የራቁት በሃይማኖቱ ሕግ ምክንያት ብቻ ይመስላቸዋል። የግብፅ ታሪክ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተከፈተው የትምህርት በር ነው። በ1923 ወይዘሮ ሁዳ ሻዕራዊ የግብፅን የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ለሴቶች ልጆች ትምህርት አጥብቆ ተከራከረ። በ1933 የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ ከእነርሱም አንዷ ናዒማ አል-አዩቢ ጠበቃ ሆኑ።

ይሁንና መማርና መሾም አንድ አይደሉም። በ1949 ዓይሻ ራቲብ የሚባሉ ወጣት የሕግ ምሩቅ መጅሊስ አድ-ደውላ በሚባለው የመንግሥት ሸንጎ ዳኛ ለመሆን አመለከቱ። ይህ ሸንጎ ሕዝብ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚያቀርበውን ክስ የሚያይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሑሴን ሲሪ ፓሻ የሴት ዳኝነት ከኅብረተሰቡ ልማድ ጋር አይስማማም ብለው ከለከሉ። ወጣቲቱ ግን ዝም አላሉም፤ መንግሥትን ከሰሱ። በክርክሩ ተረቱ። ነገር ግን ታላቁ የሕግ ሊቅ ዐብደል ረዛቅ አስ-ሰንሁሪ ፍርዱን ሲጽፉ፣ ከልካዩ የአገሩ የፖለቲካና የልማድ ሁኔታ እንጂ ሕገ መንግሥቱም ሆነ የእስልምና ሕግ አለመሆኑን ገለጹ። እንግዲህ የተረቱት በልማድ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ አደባባይ ወጣ። በየካቲት 1951 ዶክተር ዱርያ ሸፊቅ 1500 ያህል ሴቶችን አስከትለው ወደ ፓርላማ ገቡና የመምረጥ መብት ጠየቁ። በ1956 ሕገ መንግሥት ይህ መብት ተፈቀደ፤ በ1957ም ራውያ ዐጢያና አሚና ሹክሪ የመጀመሪያዎቹ ሴት እንደራሴዎች ሆነው ተመረጡ። በ1962 ፕሬዚዳንት ገማል ዐብደል ናስር ዶክተር ሒክመት አቡ ዘይድን የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ፤ በግብፅም የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር እርሳቸው ናቸው። በዚያው ዘመን መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሁሉ ወንድ ሴት ሳይለይ ሥራ እሰጣለሁ ብሎ ስለ ነበር፣ ብዙ ሴቶች በጸሐፊነት፣ በመምህርነትና በሐኪምነት ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ።

ዳኝነት የተከለከሉት ዓይሻ ራቲብም የዓለም አቀፍ ሕግ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ሚኒስትር ተባሉ። በ1977 መንግሥት የምግብን ድጎማ ባነሣ ጊዜ፣ ይህ ድኻውን ይጎዳል ብለው ሹመታቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሹመት ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ስለ ሕዝብ ብሎ መተው ግን ከዚያ ይበልጣል። በ1979 በዴንማርክ አምባሳደር ሆኑ፤ በአምባሳደርነትም ከግብፅ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው።

የዳኝነቱ በር ግን ከሁሉ ዘግይቶ ተከፈተ። በ2003 ታሃኒ አል-ገባሊ በሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ተሾሙ። የመንግሥት ሸንጎ ዳኞች ግን በ2010 ድምፅ ሲሰጡ 334 ሆነው ሴት አትግባብን አሉ። በመጨረሻ በመጋቢት 2022 ራድዋ ሒልሚ በዚያ ሸንጎ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከ1949 ጀምሮ ቢቆጠር 73 ዓመት መሆኑ ነው። ዓይሻ ራቲብ በ2013 ስላረፉ ይህን ቀን ለማየት አልታደሉም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ልማድ ብዙ ጊዜ የሃይማኖትን ካባ ደርቦ ስለሚቀርብ፣ ሕጉ ምን ይላል ብሎ መመርመር የተማረ ሰው ፈንታ ነው። ሁለተኛ፣ ሚኒስትር መሆን የቻለች ሴት በዚያው አገር ዳኛ መሆን ልትከለከል ትችላለች፤ ስለዚህ አንድ በር ተከፈተ ተብሎ ሥራው አለቀ አይባልም። እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፣ ዕውቀታችሁ በራሳችሁ እጅ ከፍጻሜ እንዲደርስ በርቱ፤ እኛም ወንድሞቻችሁ በሩን ከሚዘጉት ወገን እንዳንቆጠር እንጠንቀቅ።