ከመጅ እስከ መድረክ፦ የሴት ልጅ ዜማና የነጻነት ጥያቄ

ንፋስ መውጫ በላይ ጋይንት ደጋ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የጋይንት ምድር በዜማ ታሪክ ያለው ስፍራ ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። ድጓ ለመማርና ለማስመስከር ተማሪዎች ከየአገሩ ሲጎርፉበት የኖረው የቤተልሔም ጉባኤ የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። የዚያ ዜማ እያንዳንዱ ድምፅ ምልክት ተበጅቶለት፣ በብራና ተጽፎ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሯል።

በዚያው አገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሌላ ዜማ ነበር፤ ይኸውም የሴቶች ዜማ ነው። ምልክት አልተበጀለትም፤ ጉባኤ አልተተከለለትም፤ ብራናም አልተፋቀለትም።

የገጠር ሴት በዶሮ ጩኸት ተነሥታ እህል በምትፈጭበት ጊዜ የምታንጎራጉረው ግጥም ከዚህ ወገን ነው። ያለ ፈቃዷ የተዳረች ልጅ ኀዘኗን፣ የአማት ቁጣ ያስመረራት ምራት ብሶቷን፣ ባሏ የዘነጋት ሚስት ናፍቆቷን ለመጁ ትነግረዋለች። እንጉርጉሮው ለማንም እንዳይሰማ ታስቦ የሚባል አልነበረም። ባልም አማትም በአንድ ጣራ ሥር ተኝተው ይሰሙታል። ፊት ለፊት ቢነገር ድፍረት የሚሆነው ቃል በዜማ ሲመጣ ይታለፋል፤ የሥጋ ምኞትም በሰም ተሸፍኖ ወርቁ ለሚገባው ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ሰምና ወርቅ ለሊቃውንቱ የጥበብ መፈተኛ ሲሆን፣ ለሴቲቱ ደግሞ መከለያ ጋሻ ነበረ።

ይሁን እንጂ የሴቶች ዘፈን ሁሉ የነጻነት ድምፅ ነበረ ማለት ታሪክን ማዛባት ይሆናል። በሠርግ ቤት ሚዜዎችን በግጥም የሚሸነቁጡት ሴቶች ራሳቸው፣ «ብር አምባር» የተባለውን የድንግልና ማረጋገጫ በእልልታ ሲያወድሱ ኖረዋል። በዚህም የቤተ ዘመዱን ክብር በአንዲት ልጃገረድ ገላ ላይ ጭነውታል። አንዱ አንደበት ጭቆናን ሲያማርርም ሲያጸናም ይገኛል።

ምኞቷን በአደባባይ የመናገር ፈቃድ የነበራት አዝማሪዋ ናት። ባልየው ማሲንቆ ሲመታ ሚስቲቱ እየዘፈነችና እየተውረገረገች ትቀበለዋለች፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ መልክ፣ ስለ ወንድ ስንፍና ሳይቀር ታወሳለች። ሕዝቡም በግጥሟ እየተደሰተ ሽልማት ይሰጣታል፤ ልጁን ለልጇ ለመዳር ግን ይጠየፋል። በአማራው አገር ሴት ልጅ ርስት የመውረስና በፍቺ ጊዜ ንብረት የመካፈል ባህላዊ መብት እያላት፣ አንደበቷን የፈታች ሴት ግን የክብሯን ዋጋ ትከፍል ነበር። የአዝማሪን ቃል ኃይል ጠላትም አልሳተውም። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር አዝማሪዎችም እንዲጠፉ አዝዟል።

ይህ ድምፅ በከተማ መድረክ ላይ ሙሉ ሰውነት ያገኘው በአስናቀች ወርቁ ነው። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ሲጫወቱ በኖሩበት ቴያትር ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች አንዷ ሆነች። ክራርንም አነሣች። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር፣ ክራር ግን የመጠጥ ቤትና የዝሙት መሣሪያ ተብሎ ይነቀፍ ነበር። አስናቀች ያንኑ የተነቀፈ መሣሪያ ይዛ ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት በራሷ ስም ተናገረች፤ የመውደድም የመተውም ውሳኔ የራሷ መሆኑን አልደበቀችም። ሥራዎቿ እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 16ኛ ክፍል ለዓለም ቀረቡ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፈች።

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ ዝምተኛና ትሑት እንድትሆን በሚጠበቅባት በጃፓን፣ ራፕ የሚባለው የግጥም ስልት ለሴቶች ተመሳሳይ በር ከፍቷል። የኦኪናዋ ተወላጅ የሆነችው ኤይዊች መበለትነቷን፣ እናትነቷንና የሥጋ ምኞቷን ሳትነጣጥል በግጥሟ አቅርባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም በታላቁ የቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ ዘፍናለች። የቃል ፍልሚያውና የወንድን ዘለፋ መልሶ በወንድ ላይ ማዞሩ ለአዝማሪ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም። የሁለቱ ልዩነት ግን መጠቀስ አለበት፤ የጃፓኗ ሴት ቃሏን በስሟ ታሳትማለች፣ የጋይንቷ ፈጪ ግን ስሟ ከግጥሟ ጋር አልተመዘገበም።

ሕግ በበኩሉ ሩቅ መጥቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ፣ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ፈቅዶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጎ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሆኖም አንቀጹ ከመጻፉ አስቀድሞ ያለ ፈቃድ መዳርን የከሰሱት እነዚያ የሌሊት ግጥሞች እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

የሞተር ወፍጮ መምጣት የሴቲቱን ጉልበት አድኗል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መጁ ሲያርፍ እንጉርጉሮውም ዐረፈ። ግጥሞቹን በልባቸው የያዙት እናቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ቤተልሔም ለድጓው ያደረገችውን ጥበቃ ለእነርሱ ቃልም ማድረግ፣ ከነባለቤቶቹ ስም መዝግቦ ማኖር፣ የተማረው ወገን ግዴታ ነው። ያለዚያ የዚያች አገር ታሪክ በግማሽ ድምፅ የተጻፈ ሆኖ ይቀራል።