ዋጋው ተጽፏል፣ ልኩስ?

ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርጄ አሊዩ አምባ ስደርስ ርቦኝ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሜኑው ላይ ያየሁትን ጥብስ አዘዝኩ። የዱሮው ዋጋ ላይ ወረቀት ተለጥፎ በእስክሪብቶ አዲስ ቁጥር ተጽፎበታል። ጥብሱ ሲመጣ ሥጋው ከሽንኩርቱ ያንሳል።

«እህቴ፣ ይሄ የአንድ ሰው ነው?» አልኳት አስተናጋጇን።

«አዎ ወንድሜ፤ ሥጋ እኮ ተወዷል።»

«እሺ፣ ዋጋው ለዚህ ጨመረ። ሥጋውስ ለምን ቀነሰ?»

ባለቤቷ ከጓዳ ወጡ። እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ካልጠገብክ እንጀራ ይጨመርልህ» አሉኝ። አፈርኩ። እንጀራው ተጨመረ፣ ክርክሩም አለቀ። የጠየቅኩት ግን ስለ ልኩ ነበር፤ እሳቸው የመለሱልኝ ስለ ሆዴ።

በኋላ ሳስበው፣ ስለ ልክ ጠይቄ ያፈርኩት የት ነው? አሊዩ አምባ ላይ!

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የባሕር ዳርቻ በረሃውን አቋርጦ የሚመጣ ነጋዴ ሸዋ ሲገባ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚህ ነበር። ዓርብ ዓርብ አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና የሐረር ነጋዴው ይገናኙበታል። በ1842 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቤት ይዞ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ያየውን ጽፎ ከሁለት ዓመት በኋላ አሳትሞታል።

የገበያው ዝርዝር ገንዘብ አሞሌ ነበር፤ ከሰሜን አፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚመጣ ጨው። ዝናብ ያሟሟዋል፣ የመንገድ እንግልት ይሸርፈዋል። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ «አንድ አሞሌ» ብሎ መቁጠር ብቻ አይበቃም። ተቀባዩ በእጁ ያነሳዋል፣ ጠርዙን ያያል፣ የተሸረፈ ከሆነ አልቀበልም ይላል። ትልቁ ገንዘብ ማርትሬዛ ብርም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም፤ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። እህል በቁና ሲሰፈር ደግሞ ሌላ ክርክር አለ፦ እስከ አፉ ነው ወይስ ተቆልሎ? ምርቃቱስ?

ይሄ ሁሉ ከስስት የመጣ አይመስለኝም። ቋንቋና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች ተማምነው የሚገበያዩት፣ ልኩን ሁለቱም ወገን ሲያየው ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት እንደ እርግማን ይጠቀሳል እንጂ፣ ለኔ የገበያ ሕግም ይመስለኛል።

ግን ያንን ዘመን እያሞገስኩ መቀጠል አልችልም። እዚያው አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባለው ገበያ፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ዋጋቸው በሌሎች አፍ ተቆርጦ ወደ ታጁራ የተነዱ ሰዎች ነበሩ። እነሱን «ልክ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ገበያ ላይ ቆሞ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለት መቻል ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን በይሉኝታ ዋጥኩት።

ዛሬም ሥጋ ቤት ገብታችሁ ግማሽ ኪሎ ስትሉ ሚዛኑ ፊታችሁ ነው። ያው ሥጋ ሜኑ ላይ ሲወጣ ግን ኪሎው ይጠፋል፣ ስሙ ብቻ ይቀራል፤ «ጥብስ»፣ «ልዩ ጥብስ»። ልዩ የሚያደርገው ስንት ግራም ነው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ጥሩ ነው። ዋጋ ያለ ልክ ግን ግማሽ ወሬ ነው፤ ቁጥሩ ሳይነካ ሥጋው ሊቀንስ ይችላል፣ ወይም እንደኔው ዕለት ሁለቱም በአንዴ።

እኚያን ሴት ሌባ አልላቸውም። ሥጋ መወደዱ እውነት ነው፣ እሳቸውም ከሥጋ ቤት በኪሎ ነው የሚገዙት። ሜኑው ላይ «ጥብስ፣ 200 ግራም» የሚል ቢኖር አንብቤ፣ ከፈለግኩ አዝዤ፣ ካልፈለግኩ ሽሮ በልቼ እሄድ ነበር። ማናችንም አናፍርም ነበር።

ሂሳቤን ከፍዬ ስወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው፤ እንጀራው የእውነት ምርቃት ነበርና። ምርቃት ግን የሚጨመረው ልኩ ከሞላ በኋላ ነው።