ቁራኛ፣ ዋስና ጠበቃ
የባለዕዳ ነጋዴ ታሪክ

«በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» እንላለን፤ ከዓይኑ ሳይነጥል ተከታተለው ማለታችን ነው። ይህን ስንል ሰንሰለቱ ትዝ አይለንም። የቀድሞው ቁራኛ ግን እውነተኛ ሰንሰለት ነበር። አንዱ ጫፍ በባለዕዳው እጅ፣ ሌላው ጫፍ በገንዘብ ጠያቂው ወይም እርሱ ባቆመው ሰው እጅ ይታሰርና ሁለቱ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ይህም ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ ነው። ቀለል ሲል ደግሞ በሰንሰለቱ ፈንታ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ሰዎች ይህን ጥንድ በገበያና በአደባባይ እያዩ ተገርመው ጽፈውታል፤ ፎቶግራፍም አንስተውታል። የሚያስገርመውም ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘቡን የሚጠይቀው ሰው ራሱ የእስረኛው እስረኛ ሆኖ ይውላልና።

ለመሆኑ ይህ በሰንሰለት የተያዘ ሰው ማንን ይጠራ ነበር? የሚጠራው ዋስ ነው። ዋስ ማለት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የአገር ልጅ ነው። ሕግ አያብራራም፤ ነገር ግን ራሱን በባለዕዳው ቦታ ያስገባል። ዕዳው ካልተከፈለ ነገ ተጠያቂው እርሱ ነው። ስለዚህ ከሰንሰለት መፈታት የዕውቀት ሳይሆን የወገን ጉዳይ ነበር። ወገን ያለው ይፈታል፤ ከሩቅ አገር ጨው ወይም ቡና ጭኖ የመጣ እንግዳ ነጋዴ ግን በሰው አገር ማን ዋስ ይሁነው?

ጠበቃ አልነበረም ማለት አይደለም። በበላ ልበልሃው ሙግት አንደበቱ የሰላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ችሎት ሲሰማ ያደገ ሰው ለሌላው ቆሞ ይከራከር ነበር። ተሟጋቾቹ በበቅሎ፣ በፈረስ ወይም በማር ይወራረዳሉ፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ያገባል። «እሰጥ አገባ» የምንለውም ከዚሁ ሙግት የወረስነው ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ጠበቃ የሚጠራው ነገሩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ውል ከመዋሉ በፊት «ይህን አትፈርም» የሚል አማካሪ ተፈልጎም አያውቅ። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስትና በዝርዝር የጻፈ ቢሆንም፣ በግዕዝ የተዘጋ መጽሐፍ ስለነበር ለሲራራ ነጋዴ ምንም አልፈየደለት።

የግብሩ ጉዳይማ ከዚህ የባሰ ነበር። የኬላ ቀረጥ ሰብሳቢው ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ የነጋዴዎች ዳኛም እርሱ ነው። ቀረጡን የሚተምነውና በነጋዴዎች ክርክር የሚፈርደው አንድ ሰው ሲሆን፣ ጠበቃ ቢቀጠርስ በማን ላይ ይከራከራል? በድሬዳዋ ነጋድራስነት የሠሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን አሠራር ከውስጥ ያዩ ሰው ነበሩ። የግብር ነገር በሹም ፈቃድ ሳይሆን አስቀድሞ ተወስኖ መታወቅ አለበት ብለው መጻፋቸውም ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ ሐሳብ አይመስለኝም።

በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ውል ደግሞ ነጋዴውን ለሁለት ከፈለው። የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስላቸው ፊት፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ቆንስሉ በተገኘበት ችሎት ይዳኙ ጀመር። ሌሎች የውጭ አገር ሰዎችም ይህንኑ መብት ተጋሩ። የውጭው ነጋዴ ሲከስር የሚያማክረው ቆንስላ ነበረው፤ ከእርሱ ዕቃ በዱቤ ወስዶ የሚቸረችረው ያገሬው ነጋዴ ግን አሁንም ዋሱን ነው የሚጠራ። መንግሥት በ1925 ዓ.ም. የኩባንያና የኪሳራ ሕግ ያወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ሳይቆይ የኢጣሊያ ወረራ መጣ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። ረቂቁን የጀመረው ዣን ኤስካራ የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር ነው፤ ከዚያ በፊት የቻይና መንግሥት የሕግ አማካሪ የነበረ ሰው ነው። ሥራውን ሳይጨርስ በመሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ፈጸመው። የሕጉ አምስተኛ መጽሐፍ ስለ ኪሳራ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ የሆነ ሐሳብ አለ፤ መክሰር በራሱ ወንጀል አይደለም የሚል። ዕዳውን መክፈል ያቆመ ነጋዴ በ15 ቀን ውስጥ ራሱ ለፍርድ ቤት ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ጠያቂዎቹ እየተሽቀዳደሙ በተናጠል መክሰሳቸው ይቆማል፤ ያለው ንብረት በአንድነት ተይዞ እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል፤ ወይም በስምምነት ዕዳው ይቀነስለታል፤ ጊዜ ይሰጠዋል። የሚቀጣው ያታለለው፣ ንብረት ያሸሸው ነው።

ሰንሰለቱን የሚፈታ ሕግ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ማን ይንገረው? የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጠበቆችን የሚመዘግበው ደንብ በ1940ዎቹ ቢወጣም፣ ተራው ሰው የሚያውቀው በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ነበር። ራፖር ጸሐፊው አቤቱታ አሳምሮ ይጽፋል፤ የሒሳብ ሚዛን ግን አያወጣም። አምስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ከማስታወቂያው ጋር የሒሳብ መዝገብ ይፈልጋል። ዱቤውን በጭንቅላቱ፣ ዕቁቡን በዳኛው ደብተር የያዘ ነጋዴ ምን ይዞ ይቅረብ? በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች ሲወረሱ፣ ቀጥሎም ለግል ኢንዱስትሪ የ500,000 ብር ጣሪያ ሲበጅለት ነገሩ ሁሉ ለዓመታት ተረሳ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግድ ሲያንሰራራ ቁራኛም በሌላ መልክ ተመለሰ። አሁን ቼክ ይባላል። በመርካቶ ዕቃ በዱቤ የሚወስድ ሰው ለዋስትና ሲል ወደፊት የሚመነዘር ቼክ ፈርሞ ይሰጣል። ሰጪም ተቀባይም ገንዘቡ ባንክ ውስጥ እንደሌለ ያውቃሉ። ሕጋችን ይህን «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይለዋል፤ ስንቅ የሌለው መንገደኛ ማለት ይመስል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ያስቀጣል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በንግድ ሕጉ ኪሳራውን አስታውቆ ሊጠበቅ የሚችለው ያው ሰው በቼኩ ምክንያት ወንጀለኛ ሆኖ እስር ቤት ይገባል። ገንዘብ ጠያቂውም የኪሳራን ረጅም መንገድ ትቶ ፖሊስ ጣቢያ መሄዱ አያስደንቅም፤ የታሰረ ሰው ዘመዶች ፈጥነው ይከፍላሉ። ልክ እንደ ጥንቱ ዋስ ማለት ነው። ቼኩ ሲፈረም ጠበቃ ዘንድ ጎራ ያለ ሰው ይህን በግማሽ ሰዓት ይረዳው ነበር። ነገር ግን ጠበቃ የሚፈለገው መጥሪያ ከመጣ በኋላ ነው፤ ይህም ልማድ ከበላ ልበልሃው ዘመን አልተለወጠም።

በግብርም እንደዚሁ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው በአምቦ፣ በወሊሶ፣ በአዲስ አበባም ጭምር ሱቆች ተዘጉ። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቅሬታ በ21 ቀን እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ወደ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ግን የተከራከሩበትን ግብር ግማሽ አስቀድሞ መክፈልን ይጠይቃል። መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያልተጣለበት ባለ ኪዮስክ ግምቱ ስህተት መሆኑን በምን ያስረዳ? ሱቅ መዝጋቱ በአማርኛ የተጻፈ ይግባኝ ባይሆንም ትርጉሙ ያው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቶ የ1952ቱን የኪሳራ መጽሐፍ ተካ። በዚህኛው ውስጥ ገና ክፍያ ያላቆመ፣ ነገር ግን ችግር ሲመጣ ከሩቅ የታየው ነጋዴ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ቀድሞ የሚደራደርበት መንገድ ተከፍቷል። መንገዱ መልካም ነው። ነገር ግን የሱቁ በር ገና ክፍት ሳለ ፍርድ ቤት ሄዶ «ሳልወድቅ ደግፉኝ» ማለትን ይጠይቃል። በመርካቶ ደግሞ «እገሌ ተሰብሯል» የሚለው ወሬ አንዴ ከወጣ በማግሥቱ ዱቤ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ የተቸገረው ነጋዴ ዛሬም አስቀድሞ የሚደውለው ለወንድሙ ነው፤ ቀጥሎ ለሽማግሌዎች፤ ከዚያ ለሒሳብ ሠራተኛው። የጠበቃውን ስልክ የሚፈልገው ቼኩ ከባንክ ሲመለስ ነው።